ከሰውየው ኋላ

ደብዳቤው የደረሰኝ ባለፈው ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። በመስኮቴ ፊት ከተሰለፉት ደንበኞች አንዱ መስሎኝ የተዘረጋልኝን ወረቀት እንደ ቼክ ተቀብዬ ስገለብጠው ማኅተም አየሁበት። ቀና አልሁ። መልእክተኛው የመረከቢያ መዝገቡን እየገፋልኝ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለኝ፤ ፈረምሁ። በፖስታው ላይ ሙሉ ስሜ ተጽፏል። ከስሜ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ዋስ» ትላለች።

ሰልፉ ሲቀል ከፈትሁት። ባለ ሦስት አንቀጽ ነው። ዋስ የሆኑለት መምህር የትምህርት ፈቃድ መስከረም 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ መምህሩ ወደ ሥራ ገበታው አልተመለሰም፤ ይህ ደብዳቤ በደረስዎ በ30 ቀናት ውስጥ ቀርበው ካላስረዱ በገቡት የዋስትና ግዴታ መሠረት ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል። ከዚያ ቲተር፣ ከዚያ ፊርማ።

በባንክ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን በገዛ እጄ አርቅቄያለሁ፤ «ተገቢው እርምጃ» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የደረሳቸው ሰዎች ቆመው ይሁን ተቀምጠው እንዳነበቡት ግን አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ቆሜ ነው ያነበብሁት። አንብቤም በመሳቢያዬ ውስጥ፣ ማንም ከማያየው የግጥም ደብተሬ ሥር ከተትሁት። ማታ ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ አልነገርኋትም።

*

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ወዳጄና እኔ በአንድ ግቢ ያደግን ነን። አባቴ ሲሞት እናቴ ከማለዳ እስከ ምሽት ለሥራ ትወጣ ስለነበር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት ከእርሱ እናት መሶብ ነው። እስከ ዛሬ «እትዬ» እያልሁ ነው የምጠራቸው። እርሱ በሥዕል ፍቅር ተለክፎ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር ሆነ፤ እኔ በግጥም ፍቅር ተለክፌ በአካውንቲንግ ተመረቅሁና ባንክ ገባሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ቪየና ሊሄድ ሲሰናዳ፣ የሚያስተምርበት ተቋም ዋስ ጠየቀው። ውሉ ግልጽ ነው። ለአራት ዓመት ደመወዙ እየተከፈለው ይማራል፤ ሲጨርስ ተመልሶ ያገለግላል፤ ካልተመለሰ የተከፈለውን ሁሉ እርሱ፣ እርሱ ካልተገኘ ዋሱ ይመልሳል።

«ስማ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም» አለኝ።

ውሉን በቅጡ ሳላነብ ፈረምሁ። ሥራዬ ሰው ሳያነብ እንዳይፈርም መምከር ነው። በዚያ ቀን ግን ከፊቴ ተደቅኖ የታየኝ የእትዬ መሶብ ነበር።

የሚያጠናውን ርእስ የሰማ ሁሉ ይገረም ነበር፤ «በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን የተሣሉ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች»። በሽኝቱ ግብዣ ላይ አጎቱ «የእኛ ተራራ አልቆ ነው የፈረንጅ ተራራ ልታጠና የምትሄደው?» ሲሉት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ነገሩን በቁም ነገር የያዘ አንድ ባልደረባው ደግሞ «ጣልያን ማጥናት ካማረህ ኒኮሎ ብራንካሌዮን አለልህ አይደል?» አለው። ብራንካሌዮን በ15ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቀረ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ነው፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 እዚህ ሲደርስ፣ ከ40 ዓመት በላይ በዚህ ምድር ኖሮ አገኘው። ወዳጄ ለሁለቱም ባንድ ቃል መለሰላቸው፡- «እርሱንም እደርስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ትቶት የመጣውን አገር ልየው።»

እኔ አልሳቅሁም፤ የገባኝ ነገር ግን አልነበረም። ፊርማዬን ያኖርሁበት ጉዳይ ምን እንደሆነ የተረዳሁት ከዓመት በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው።

*

እሑድ እሑድ ማታ ይደውልልኝ ነበር። እርሱ ያወራል፤ እኔ እየሰማሁ የሳምንቱን ሸሚዞቼን እተኩሳለሁ። ከእርሱ የሰማሁትን በአጭሩ ላውጋችሁ፤ የአውሮፓን ነገር ስነግራችሁ ዓመታቱ በእነርሱ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ለረጅም ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ሰው መሣል ነበር፤ ክርስቶስን፣ እመቤታችንን፣ ቅዱሳንን፣ ነገሥታትን። ከኋላቸው ወርቅ ይለበጣል፤ ምድር ካስፈለገችም ቅዱሱ የሚቆምባት ያህል ብቻ ትሣላለች። ከዚያ በኋላ ያ ጀርባ ጥቂት በጥቂት ይከፈት ጀመር። በ1338 እና በ1339 አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በሲየና ከተማ የሸንጎ ቤት ግድግዳ ላይ መልካም አስተዳደር ለአገር የሚያመጣውን በረከት ሲሥል፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ ያለውን ገጠር ከነኮረብታው፣ ከነገበሬው ዘርግቶ አሳየ። በ1473 ኦገስት 5 ቀን የ21 ዓመቱ ሊዮናርዶ ዳቪንቺ የአርኖን ሸለቆ በብዕር ነድፎ፣ ቀኑን በገዛ እጁ ጻፈበት። ጀርመናዊው አልብሬሽት ዱረር በ1490ዎቹ አጋማሽ የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ ባደረገው ጉዞ ያያቸውን ቦታዎች በውኃ ቀለም ሣለ። በሬገንስበርግ ከተማ ይኖር የነበረው አልትዶርፈር ደግሞ በ1520 ግድም ዛፍና መንገድ፣ ሰማይና ተራራ ብቻ ያለባቸው ትናንሽ ሥዕሎች ሠራ።

«ሰውስ?» አልሁት ካውያዬን አቁሜ።

«አንድም ሰው የለባቸውም። ቅዱስም፣ መልአክም፣ እረኛም የለም። ምድር ብቻዋን ለመታየት በቃች።»

በድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ አስታውሰዋለሁ። ስለ አንድ ዘመዱ መሾም የሚነግረኝ ይመስል ነበር።

በአንትወርፕ የነበረውን ፓቲኒርን ግን ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር። ፓቲኒር ለደንበኞቹ የሃይማኖት ሥዕል ይሠራል፤ ለምሳሌ ቅዱስ ጀሮምን። ነገር ግን ቅዱሱን እጅግ አሳንሶ፣ ገደሉንና ወንዙን፣ ደኑንና ባሕሩን አግዝፎ ስለሚሥል፣ ተመልካቹ ቅዱሱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ዱረር በ1521 አንትወርፕ ሳለ በጉዞ ማስታወሻው ላይ ይህን ሰው ጥሩ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ብሎ መዝግቦታል፤ በሠርጉም ላይ ታድሟል። ሰው በመልክዓ ምድር ሠዓሊነት ሲጠራ ከተመዘገበባቸው ቀደምት ቃላት አንዱ ይህ ነው። የፓቲኒር ዘዴ ሦስት ቀለም ነው፤ ለቅርቡ ቡናማ፣ ለመካከሉ አረንጓዴ፣ ለሩቁ ሰማያዊ። ርቀትን በቀለም ይለካዋል።

«ይህንንማ እንጦጦ ላይ ወጥቶ ዝቋላን ያየ ሁሉ ያውቀዋል» አልሁት።

«ያውቀዋል፤ ግን አይቶ ያልፈዋል» አለኝ።

በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተና በሚቀጥለው እሑድ ነገርሁት። እኛ «መልክዓ ምድር» ስንል የምድር መልክ ማለታችን ነው። በቅኔና በዜማ ቤታችን ደግሞ «መልክዕ» የሚባል የድርሰት ዓይነት አለ፤ መልክዓ ማርያም፣ መልክዓ ኢየሱስ። ደራሲው ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ አካል ተራ በተራ ሰላምታ እያቀረበ ያመሰግናል። አንዲትም የአካል ክፍል ትንሽ ናት ተብላ አትዘለልም። «እንግዲያስ ያንተ ሠዓሊዎች ለምድር መልክዕ ደርሰውላታል ማለት ነው» አልሁት።

ከወዲያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልሰማሁም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልሁ።

«አለሁ፤ እየጻፍሁት ነው» አለኝ።

*

የጥናቱ እምብርት የሆነው ፒተር ብሩገል ነው፤ በተለይም በ1565 የሣላቸው የወራት ሥዕሎች። ብሩገል በ1550ዎቹ መጀመሪያ የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ጣልያን ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። የኖረበት የፍላንደርስ አካባቢ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለበትም። ወዳጄ በፖስታ ካርድ የላከልኝ፣ «አዳኞች በበረዶ ውስጥ» በሚለው ሥዕል ላይ ግን ከአንድ የፍላንደርስ መንደር ጀርባ የሾሉ የአልፕስ ቋጥኞች ቆመዋል። ሠዓሊው ከዐሥር ዓመት በፊት ያየውን ተራራ ተሸክሞ አምጥቶ ከጎረቤቶቹ ቤት ኋላ አቆመው።

ሥዕሉን ለማታውቁት ልግለጸው። ሦስት አዳኞች ከመንጋ ውሾቻቸው ጋር ቁልቁለቱን ሊወርዱ ነው። ጀርባቸውን ነው የሰጡን፤ ፊታቸው አይታይም። ውሾቹም ጅራታቸውን ቆልፈው አቀርቅረዋል። ከፊታቸው ሸለቆው በበረዶ ተሸፍኗል፤ በረጋው ኩሬ ላይ ልጆችና ዐዋቂዎች ይንሸራተታሉ፤ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ሰዎች እሳት ያነድዳሉ፤ የመጠጥ ቤቱ ምልክት ባንድ ወገን ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ከሁሉ በላይ ቅዝቃዜው ይሰማል። ይህ ሥዕል ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በቪየና ሙዚየም ይገኛል። የሣር አጨዳው በፕራግ ነው፤ የስንዴ አጨዳው በኒውዮርክ። አምስት ናቸው።

የስንዴውን አጨዳ ወዳጄ በፎቶግራፍ ሲልክልኝ ግራ ገብቶት ነበር። አጫጆቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ፤ አንዱ በጀርባው ተንጋልሎ ተኝቷል። ምሁራኑ ወሩን ኦገስት ወይም በዚያ ግድም ያደርጉታል። «ነሐሴ እኮ ነው» አለኝ፤ «ነሐሴና የደረሰ አዝመራ በአእምሮዬ አብረው አልቆም አሉኝ። እኛ ጋ ነሐሴ ጎተራ የሚሟጠጥበት፣ ወንዝ የሚሞላበት ወር ነው። እዚህ ሰው በነሐሴ ጠግቦ ይተኛል።» ያን ጊዜ ነው በመልክዓ ምድር ውስጥ ዘመንና ረኃብ፣ ጥጋብና ዕረፍት እንደሚሣሉ የገባኝ። ለካስ ሠዓሊው ወሩን ሲሥል የሰውን ዕጣ እየሣለ ነው።

ስድስተኛ ሥዕል ነበረ። የጠፋው እርሱ ነው፤ ምሁራን በጎደለው ቦታ ሲገምቱ ኤፕሪልና ሜይ ይሆናል ይላሉ። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ዘመን ጸደይ ይባላል፤ ማሳ የሚታረስበት፣ ዘር የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። ከብሩገል ዓመት ውስጥ የጎደለው ጸደይ ነው ማለት ነው።

*

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወዳጄ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ላከልኝ። «አንተ የባንክ ሰው ነህ። ዋስና መያዣ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

የወራቱን ሥዕሎች ያሠራው ኒክላስ ዮንገሊንክ የተባለ የአንትወርፕ ባለጸጋ ነጋዴና የቀረጥ ሹም ነው። በ1566 የካቲት ግድም ይህ ሰው አንድ ሰነድ ፈረመ። ዳንኤል ደ ብሩይን የሚባል ወዳጁ ለአንትወርፕ ከተማ 16,000 ጊልደር መክፈል ነበረበት፤ ዮንገሊንክም ለዚያ ዕዳ ዋስትና ይሆን ዘንድ የሥዕል ስብስቡን አስያዘ። በሰነዱ ላይ የብሩገል ሥዕሎች 16 ተብለው ተቆጥረዋል፤ ከእነርሱ መካከል የባቢሎን ግንብ፣ የመስቀሉ ጉዞና ወራቱ ይገኛሉ።

የመጀመሪያውን ዶክተራዊ ምክሬን የሰጠሁት ያን ጊዜ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት። «ሁለት ነገር ለይ። ዋስ በስሙ ይቆማል፤ መያዣ ንብረት ነው። ያንተ ሰውዬ ሁለቱንም አድርጓል፤ ለሌላ ሰው ዕዳ የራሱን ንብረት አስይዟል። ባለዕዳው ቢጎድል የሚሄደው የዋሱ ግድግዳ ላይ ያለው ነው። ደግሞም በመያዣ ዝርዝር ውስጥ ውበት እንዳትፈልግ። እኛ ቤት ስናስይዝ የግንቡን ስፋትና የጣራውን ቆርቆሮ እንጽፋለን፤ በግቢው ያለውን የኮክ ዛፍ የሚጽፍ መሐንዲስ አይቼ አላውቅም። በዚያ ሰነድ ላይ ወራቱ በርእስ ብቻ መጠራታቸው ሊደንቅህ አይገባም። የሰነዱ ጸሐፊ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው።»

«ለወዳጁ ይህን ያህል ያደረገው ለምን ይመስልሃል?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ።

«ውል ምክንያት አይጽፍም» አልሁት።

ዮንገሊንክ ከሞተ በኋላ፣ በ1594፣ የአንትወርፕ ከተማ ወራቱን ለአርክዱክ ኤርነስት በስጦታ አበረከተቻቸው። ኤርነስት በ1595 ሲሞት በንብረቱ መዝገብ ስድስት ሆነው ተቆጠሩ። በ1659 በሌላው አርክዱክ፣ በሊዮፖልድ ቪልሄልም መዝገብ አምስት ሆኑ። በሁለት መዝገብ መካከል ጸደይ ወደቀ። በጥሬ ገንዘብ ቆጠራ አንዲት ብር ስትጎድል እስከ ሌሊት የማድር ሰው ነኝና፣ ይህን ሳነብ ልቤ የምር አዘነ።

*

ያ ሁሉ መልካም ነበር። ካለፈው ዓመት ክረምት ወዲህ ግን የእሑዱ ስልክ ሳሳ። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትና ኅዳርም እንዲሁ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ በዚያው ሌሊት ደወልሁለት።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት።

ገንዘቡ ከዓመት በፊት እንደተቋረጠበት፣ ሌሊት ሌሊት በአንድ ምግብ ቤት ሳሕን እያጠበ እንደሚጽፍ፣ አንድ ምዕራፍ እንደቀረው ነገረኝ። «ልነግርህ አፈርሁ» አለኝ።

«አንተ ስታፍር እኔ ተከሰስሁ! ለቤት ብዬ ያጠራቀምሁት ነው የሚሄደው። ለመሆኑ ትመለሳለህ?»

ዝም አለ። ዝምታው ሁለት ሦስት ደቂቃ የቆየ መሰለኝ፤ ምናልባት ሁለት ሦስት ቅጽበት ይሆናል። «እመለሳለሁ» ሲለኝ ግን ያን ዝምታ አስቀድሜ ሰምቼው ነበር። የምናገረውን ተናግሬ ስልኩን ዘጋሁት። ከተናገርሁት ውስጥ «ለሰው አገር ጭቃና በረዶ የእኔን ልጆች ቤት አስያዝህ» የሚል ይገኝበታል። የአጎቱ ቀልድ ከአራት ዓመት በኋላ ከእኔ አፍ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ገና አልተነጋገርንም።

*

በገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ እንደ ልማዴ እትዬን ልጠይቅ ሄድሁ። ስለ ደብዳቤው አያውቁም፤ ልነግራቸውም አልፈለግሁም። ዶሮው ቀረበ፤ ጠላው ተቀዳ። ከመቀመጫዬ ትይዩ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን፣ ለእኔ የላከልኝን የመሰለ ፖስታ ካርድ በመርፌ ተሰክቷል፤ አዳኞቹ። ለእርሳቸውም ልኮላቸው ኖሯል።

እትዬ ዓይኔን ተከትለው አዩትና «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። «እነዚህ ሰዎች ምን ይዘው ነው የሚመለሱት?»

ተነሥቼ ቀርቤ አየሁ። ካርዱን ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ፤ ይህን ግን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ሦስት ሰው፣ ያ ሁሉ ውሻ፣ ያ ሁሉ በረዶ፤ በአንደኛው ሰው ትከሻ ላይ ካለው ጦር የተንጠለጠለው አንዲት ቀበሮ ናት።

«ቀበሮ ነው፣ እትዬ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

ጥቂት አሰቡና «ይሁን» አሉ። «ቤታቸው ታይቷል።»

ወዲያው ወጡን ጨመሩልኝ። እኔ ግን እንጀራው በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። እትዬ ያዩትን አላየሁም ነበር። እኔ ይህን ሥዕል ሳይ የሚታዩኝ ሦስቱ ሰዎች ነበሩ፤ እርሳቸው ያዩት ሰዎቹ የሚያዩትን ነው፤ ከእነርሱ ፊት የተዘረጋውን ሸለቆ፣ ጭሱን፣ ጣራውን። ሠዓሊው ሰዎቹን ጀርባቸውን ያሰጣቸው ለካስ እኛም ከኋላቸው ቆመን ወደሚሄዱበት እንድናይ ነው።

ማታ ቤቴ ስገባ ስልኬ ላይ አንድ ፋይል ጠበቀኝ። የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። «ሳላልቅ ላሳይህ አልፈለግሁም ነበር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፎበታል። ዮንገሊንክ ስለፈረመው ሰነድ በሚተነትንበት ገጽ ግርጌ፣ የዋስንና የመያዣን ልዩነት ያስረዳው አዲስ አበባ የሚኖር የባንክ ሠራተኛ ወዳጁ መሆኑን ጽፏል። ከዚያ በታች ስለ መልክዕ የነገርሁት ሁሉ ሰፍሯል፤ በስሜ። በየመጽሔቱ ደጃፍ ግጥሜን ይዤ ስመላለስ የኖርሁ ሰው፣ ስሜ በታተመ ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል ብዬ ካሰብሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ይህ አንዱ አልነበረም።

ሌሊቱን አነበብሁት። በውስጡ ያለው እንግሊዝኛ ከበደኝ፤ ነገር ግን አንድ ሐሳብ ጥርት ብሎ ታየኝ። ወዳጄ እንደሚለው፣ በዚያ ምዕተ ዓመት የተለወጠው ምድር አይደለችም፤ የተለወጠው የሠዓሊው ትዕግሥት ነው። ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ሆና ሰውን ስታቆም የኖረችውን ነገር ዘወር ብሎ ያየ ሰው ተገኘ።

*

በማግስቱ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኋት። ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጮኻ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«መጀመሪያ ስትፈርም ጠየቅኸኝ?» አለች።

«አልጠየቅሁሽም።»

«ይመለሳል?»

የባንክ ሠራተኛ እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አለው፤ የደመወዝ ማስረጃ፣ የሥራ ዘመን፣ የቀድሞ ብድር ታሪክ ይመለከታል። እኔ ያለኝ ማስረጃ አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ፖስታ ካርድና የሦስት ዓመት ምሳ ነው። «እርግጠኛ አይደለሁም። የሚመለስ ይመስለኛል» አልኋት።

ብዙ ዝም ካለች በኋላ «አሁን የምትፈርም ከሆነ አብሬህ ሄጄ እያየሁ ፈርም» አለችኝ።

ከጥምቀት በኋላ፣ ቀነ ገደቡ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ሄድን። ወዳጄ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ከዚያ ደብዳቤ ጋር የዋሱ ግዴታ እስከ መስከረም 2019 ዓ.ም. መታደስ አለበት። ሠራተኛዋ ቅጹን በመስኮት አሳለፈችልኝ፤ ቀና ብላ አላየችኝም፤ አልቀየምኋትም። ይህን ጊዜ እያንዳንዱን አንቀጽ አነበብሁ። ባለቤቴም በትከሻዬ በኩል ታነብ ነበር።

በቅጹ ግርጌ «ከተማሪው ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል መስመር አለ። በመጀመሪያው ጊዜ ምን ብዬ እንደሞላሁት አላስታውስም። ዮንገሊንክም በፈረመበት ዕለት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ ይሆን እያልሁ ጥቂት ቆየሁ።

«ጓደኛ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

ስንወጣ ሰማዩ የጥር ሰማይ ነበር፤ ጥርት ያለ። ባለቤቴ ታክሲ ስትጠብቅ እኔ በሕንፃዎቹ መካከል በተረፈችው ክፍተት ወደ ሰሜን አየሁ። እንጦጦ ከሁሉ ኋላ ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል። ከዚህ መንገድ ላይ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።